የማህፀን በር ካንሰር ልየታ፦ ሀገር አቀፍ ፕሮግራም ሲዘረጋ የቱን መምረጥ ይሻላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። በአንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ጤፋቸውን ሸጠው፣ ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው በብብታቸው እንደያዙ ገቡ። ዕድሜያቸው አርባ ሁለት ነበር፤ ስድስት ልጆች ወልደዋል፤ የማህፀን በር ምርመራ የሚባል ነገር ግን ሰምተው አያውቁም። አስረዳኋቸው፤ ተስማሙ። የማህፀን በራቸውን በአሴቲክ አሲድ በተነከረ ጥጥ አራስኩና አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። በባትሪው ብርሃን ጠርዙ የለየ ወፍራም ነጭ ምልክት ታየኝ። ቅድመ ካንሰር፣ ማለትም ገና ካንሰር ያልሆነ የሴል ለውጥ ነው። በቅዝቃዜ የሚያክመው መሣሪያ ከአልጋው አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆሟል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ግን ካለቀ ወር አልፎታል።

ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ከጤፉ ገንዘብ ጋር መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩትና «ልጄ፣ ይኼ ነገር ስንት ቀን ያስኬደኛል?» አሉኝ። አንድ ቀን ለመመዝገብ፣ ሌላ ቀን ለሕክምናው ብዬ መለስኩላቸው። ዝም ብለው አዩኝ። መዝገቡ ላይ ከስማቸው ትይዩ «የተሰጠ ሕክምና» የሚለው ሳጥን ከዚያ ጤና ጣቢያ እስክለቅ ድረስ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ልየታ፣ ማለትም ሴቶችን ሕመም ሳይሰማቸው ስለ መመርመር፣ አማራጮች በተነሳ ቁጥር የምመዝንበት ሚዛን የእኚያ እናት ጥያቄ ሆኗል። በስብሰባ ላይ ዘወትር የሚጠየቀው «የትኛው ምርመራ የተሻለ ነው?» የሚለው ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሴቲቱ ከቤቷ ወጥታ፣ ተመርምራና ታክማ እስክትጨርስ ድረስ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ነው። ይህ መመሪያ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በክልል ጤና ቢሮ ወይም በረድኤት ድርጅት ውስጥ ሆነው ፕሮግራም ለሚያቅዱ የተጻፈ ነው። ለእናቱ፣ ለእህቱ ወይም ለራሷ የሚያስብ ሰውም ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ጊዜ የሚሰጥ በሽታ

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኝ ካንሰር ነው። በየዓመቱ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች እንደሚያዙና ከ5 ሺህ በላይ እንደሚሞቱ ዓለም አቀፍ ግምቶች ያሳያሉ። መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ወይም ኤችፒቪ ነው። ቫይረሱ አብዛኞቹን ሴቶች ይዞ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይቆያል፤ የማህፀን በሩን ሴሎች ቀስ በቀስ ይለውጣል፤ ካንሰር እስኪሆን ድረስም በተለምዶ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሴቶች ላይ መንገዱ ያጥራል፤ ለካንሰሩ ያላቸው ተጋላጭነትም ስድስት እጥፍ ያህል ነው።

ይህን ያህል ረጅም ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር ጥቂት ነው። አንዲት ሴት በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንዴ ወይም ሁለት ጊዜ በትክክል ተመርምራ፣ የተገኘባት ቅድመ ካንሰር ቢታከም ትድናለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ስትራቴጂም በዚህ ላይ የቆመ ነው። ከልጃገረዶች 90 በመቶው 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው በ35 እና በ45 ዓመታቸው አስተማማኝ በሆነ ምርመራ እንዲታዩ፣ በሽታው ከተገኘባቸው ደግሞ 90 በመቶው እንዲታከሙ ይላል። ከሦስቱ ቁጥሮች የመጨረሻው በየሪፖርቱ ሲድበሰበስ አያለሁ። ስንት ተመረመሩ የሚለው በትልቁ ይጻፋል፤ ስንት ታከሙ የሚለውን ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ራሷ እስክትመጣ መጠበቅ ወይስ መጥራት?

የመጀመሪያው ምርጫ የላቦራቶሪ ጉዳይ አይደለም። ሴቶች በአጋጣሚ ሲመጡ ብቻ መመርመር፣ ወይም ስም ዝርዝር ይዞ መጥራት ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የማህፀን በር ሴል ተጠርጎ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት የፓፕ ስሚር ምርመራ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሰጥ ነበር፤ ውጤቱ ግን ለሁለት አሥርት ዓመታት ደካማ ሆኖ ቆየ። ደጋግመው የሚመረመሩት ወጣቶችና ወደ ሐኪም አዘውትረው የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ፤ ለአደጋው የቀረቡት ደግሞ አንድም ቀን አልመጡም። እ.ኤ.አ. በ1988 በሐኪሞች መዝገብ ላይ የተመሠረተ የጥሪና የድጋሚ ጥሪ ሥርዓት ተጀመረ፤ የተመረመሩት ሴቶች ድርሻ ከ42 በመቶ ተነስቶ በ1994 ወደ 85 በመቶ ደረሰ። ምርመራው ያው ፓፕ ስሚር ነበር። በዋናነት የተለወጠው ደብዳቤ መላኩ ነው። ፊንላንድም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሴቶችን በስም መጥራት የጀመረች ሲሆን፣ ሞትን በመቀነስ በዓለም ላይ ከሚጠቀሱት ቀዳሚ አገሮች አንዷ ሆናለች።

«እኛ የእንግሊዝ ዓይነት መዝገብ የለንም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። በየጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ የቤተሰብ ማህደር አለ። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየቤቱ ማን እንዳለ፣ ማን እንደወለደችና ማን እንዳልተከተበ ታውቃለች። ከማህደሩ ውስጥ ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ሴቶች ስም ለይቶ በአንድ ደብተር ላይ መገልበጥ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ዕድሜ በትክክል ያልተመዘገበበት ቤት ይኖራል፤ «የመጀመሪያ ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ያቃናል። እኔ ብጠየቅ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ይህ ዝርዝር ይዘጋጅ እላለሁ።

ሦስቱ ምርመራዎች

ፓፕ ስሚርን በአጭሩ ልለፈው። ከማህፀን በር ሴል ተጠርጎ በመስታወት ላይ ይቀባል፤ ቀለም ይነከራል፤ የሠለጠነ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ብዙ ሀብታም አገሮችን ለአሥርት ዓመታት ያገለገለ፣ የከበረ ታሪክ ያለው ምርመራ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሲደረግ ብዙ ቅድመ ካንሰር ያመልጠዋል፤ ጥንካሬው ከመደጋገሙ የሚመጣ ነው። ሴልና ሕብረ ሕዋስ መርምረው በሽታ የሚለዩት ሐኪሞች (ፓቶሎጂስቶች) በጥቂት ከተሞች በተሰባሰቡበት አገር ውጤቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ ሴቲቱ ለናሙና፣ ለውጤት፣ ለተጨማሪ ምርመራና ለሕክምና ቢያንስ ሦስትና አራት ጊዜ ትመላለሳለች። በግል ክሊኒክ ከፍላ ለምትመረመር የከተማ ሴት ዋጋ አለው፤ የሀገር አቀፍ ፕሮግራም መሠረት እንዲሆን ግን አልመክርም።

ቪ አይ ኤ የሚባለው፣ እኔም ለዓመታት የሠራሁበት ምርመራ፣ በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ የማህፀን በሩ እንዲታይ ብልትን የሚከፍተው ስፔኩለም፣ ጥጥ፣ ጥሩ ብርሃንና አንድ ደቂቃ ትዕግሥት ይፈልጋል። ኤሌክትሪክ ቢጠፋም ይሠራል። ውጤቱ እዚያው ይነገራታል፤ መሣሪያው ካለም እዚያው ታክማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በአንድ ጉዞ ነገሩ ያልቃል። ኢትዮጵያ ልየታን ወደ ጤና ጣቢያ ያወረደችው በዚህ መንገድ ነው፤ የብዙ ሴቶችን ሕይወት አትርፏል።

ድክመቱ ከሚያየው ዓይን ጋር የተያያዘ ነው። ቁስለት፣ ብግነትና ቅድመ ካንሰር ለጀማሪ ባለሙያ ሁሉም ነጭ ይመስላሉ። ከሥልጠና የተመለሰች ነርስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚገባው በላይ «አለ» ትላለች፤ ከዓመት በኋላ፣ ተቆጣጣሪ ካልመጣና ጓደኛዋ ከተዛወረች፣ ሁሉንም «የለም» ማለት ትጀምራለች። በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ወራትን ያስቆጠረ፣ ከመቶ በላይ ተከታታይ «የለም» ተጽፎ አይቻለሁ። በዚያ ሁሉ ወር አንድም ሴት ሳይገኝባት ቀርቶ ነው ብዬ አላምንም። በተጨማሪም ሴቲቱ ካረጠች በኋላ ለውጡ የሚጀምርበት የማህፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቪ አይ ኤ አያየውም።

ጥናቶቹም ይህንኑ ያሳያሉ። በህንድ ሙምባይ በደንብ የሠለጠኑና በጥብቅ ክትትል የሚደረግባቸው ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ቪ አይ ኤ ሲሠሩ የማህፀን በር ካንሰር ሞት በ31 በመቶ ቀንሷል። ሙምባይ በምትገኝበት በማሃራሽትራ ግዛት፣ ኦስማናባድ በተባለ የገጠር አካባቢ 130 ሺህ ያህል ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ደግሞ አንድ ዙር ብቻ የተሰጠ ቪ አይ ኤ በሞት ላይ ግልጽ ለውጥ አላመጣም። በዚያው ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የኤችፒቪ ምርመራ ሞትን በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ይህ ወደ ሦስተኛው ያመጣናል። የኤችፒቪ ምርመራ ሴሉ እስኪለወጥ አይጠብቅም፤ የቫይረሱን ዘረመል በማሽን ይፈልጋል። የባለሙያ ዓይን አያስፈልገውም፤ ቅድመ ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይይዛል። ከሁሉ በላይ «ቫይረሱ የለብሽም» የሚለው መልሱ ለዓመታት የሚታመን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የኤችፒቪ ምርመራን ቀዳሚ አድርጎ መርጧል፤ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ ከተደረገ ይበቃል ይላል። በቪ አይ ኤ ወይም በፓፕ ስሚር ከሆነ በየ3 ዓመቱ መደገም አለበት።

ይህን ልዩነት በሥራ ጫና እንመንዝረው። አንድ ወረዳ ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 10,000 ሴቶች አሉት እንበል፤ የሥራው ቀን በዓመት 250 ይሁን። በቪ አይ ኤ በየሦስት ዓመቱ ሁሉንም ለማየት በዓመት 3,333 ሴቶች፣ በቀን 13 ሴቶች መመርመር አለባቸው። ኤችፒቪ በየአምስት ዓመቱ ከተሠራ በቀን 8፣ በየአሥር ዓመቱ ከሆነ በቀን 4 ሴቶች ብቻ ይሆናሉ። የካርትሬጅ (የኤችፒቪ ናሙና ተጨምሮበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) ዋጋ ከአሴቲክ አሲድ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ፣ ይህን ሒሳብ የነርሷን ደመወዝ፣ የሴቲቱን የትራንስፖርት ወጪና ከእርሻ የቀረችበትን ቀን ጨምራችሁ እንደገና ሥሩት።

ኤችፒቪም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ማሽኑ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ናሙናው ተጉዞ ውጤቱ መመለስ አለበት። ካርትሬጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ማሽኑ ሲበላሽ ጠጋኙ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ደግነቱ ለቲቢ የተተከሉት ጂንኤክስፐርት ማሽኖች የኤችፒቪ ካርትሬጅንም ይሠራሉ፤ አንዱ ምርመራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለኤችአይቪ የቫይረስ መጠን የሚያገለግሉት ትላልቅ ማሽኖችም ለዚሁ ሊውሉ ይችላሉ። አዲስ ማሽን ከመጠየቃችሁ በፊት ያለው ማሽን በቀን ስንት ሰዓት ሥራ ፈትቶ እንደሚውል ላቦራቶሪውን ጠይቁ።

ናሙናውን ማን ይውሰድ?

ብዙ ሴቶች የሚሸሹት ካንሰሩን ብቻ አይደለም፤ አልጋው ላይ እግር ከፍቶ መተኛትንም ጭምር ነው። መርማሪው ወንድ ከሆነማ ነገሩ ያበቃል። የኤችፒቪ ምርመራ እዚህ ላይ ሌላው ምርመራ የማይችለውን ይችላል፤ ሴቲቱ ትንሿን ብሩሽ ወይም ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ራሷ ወደ ብልቷ አስገብታ፣ አዟዙራ ታወጣዋለች። ዘረመልን አባዝቶ በሚለይ ዘዴ (በፒሲአር) ለሚሠሩ ምርመራዎች ራሷ የወሰደችው ናሙና ባለሙያ ከወሰደው ጋር የሚስተካከል አቅም አለው።

በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት ሁለቱን መንገዶች በቀበሌ ከፍሎ አወዳድሯል። ራሳቸው ናሙና እንዲወስዱ ከተጋበዙት ሴቶች 84 በመቶ ያህሉ ሲመጡ፣ ለቪ አይ ኤ ከተጋበዙት የመጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ይህን ቁጥር ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ፤ የእኛው ሴቶች በእግራቸው የሰጡት ድምፅ ነው። አውስትራሊያ እንኳ፣ ያ ሁሉ ሐኪም እያላት፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ በራስ ናሙና መውሰድን ለሁሉም ሴቶች ፈቅዳለች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር። «በትክክል አይወስዱም» እል ነበር። ከዚያ አንዲት ቡና ሻጭ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ብሩሹን በቱቦው ውስጥ አድርጋ «ይኼው ነው? ለዚህ ነው እንዴ አሥር ዓመት የሸሸሁት?» ስትል ጥርጣሬዬ ለቀቀኝ።

«ቫይረሱ አለብሽ» ከተባለ በኋላ

ኤችፒቪ ስላለባት ሴት ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ለሕክምናው ብቁ መሆኗን አይቶ ወዲያው ማከም፤ ሁለተኛው በሌላ ምርመራ ለይቶ፣ ለውጥ የታየባትን ብቻ ማከም። የመጀመሪያው ጉዞ ይቀንሳል፤ ግን ያለ አስፈላጊነቱ የሚታከሙ ይኖራሉ። ሁለተኛው ሕክምናን ይቆጥባል፤ ግን አንድ እርምጃ በተጨመረ ቁጥር የሚቀሩ ሴቶች ይጨምራሉ። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ሁለተኛው ይመረጣል፤ ኤችፒቪ በብዙዎቹ ስለሚገኝ ሁሉንም ማከም ከልክ ያልፋል። ለሌሎች ሴቶች፣ ቪ አይ ኤን የሚሠራ የበቃ ባለሙያ ባለበት በዚያው ቀጠሮ በቪ አይ ኤ ለይቶ ማከም ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። ከእነዚህ መካከል ኤችፒቪ ተገኝቶባት ለውጥ ያልታየባት ሴት ከሁለት ዓመት በኋላ እንድትመለስ መመዝገብ አለባት።

እዚህ ላይ ከማሽኑ ይልቅ ምላስ ይከብዳል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ነው፤ ይህን ደረቅ አድርጎ መንገር ትዳር ያፈርሳል። ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ መቼና ከማን እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ የባልም የሚስትም አለመታመን ማስረጃ አይደለም። አማካሪዋ ይህን በራሷ አንደበት መናገር እስክትችል ድረስ ውጤት እንድትሰጥ አይፈቀድላት። ውጤቱንም በልጅ ወይም በጎረቤት መላክ ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው።

በቅዝቃዜ ወይስ በሙቀት?

የእኚያ እናት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ክራዮቴራፒ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ የማህፀን በሩን ለሦስት ደቂቃ ያቀዘቅዛል፤ አምስት ደቂቃ ያርፋል፤ እንደገና ሦስት ደቂቃ ያቀዘቅዛል። ሕክምናው ጥሩ ነው። ሲሊንደሩ ግን ከባድ ነው፤ መሙያው ሩቅ ከተማ ነው፤ መኪናው የሚገኘው ሌላ ሥራ ሲኖር ነው። ጋዙን ለማስሞላት ደብዳቤ ጽፌ፣ ፊርማ ለቅሜ፣ ሲሊንደሩ ተጭኖ ሄዶ ባዶውን የተመለሰበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ የጭነት ሰነዱ ላይ የጎደለ ማኅተም ነበረ።

ቴርማል አብሌሽን የሚባለው አዲሱ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ነው። ጫፉ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ አንዱ ንክኪ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ነው። በቦርሳ ተይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሁለቱ ለምርጫ ከቀረቡልኝ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እወስዳለሁ፤ ትርፍ ባትሪና ትርፍ ጫፍ አብሮ እንዲገዛም እከራከራለሁ።

ሁለቱም የሚሠሩት ለውጡ ሙሉ በሙሉ ሲታይ፣ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ሳይገባና የካንሰር ጥርጣሬ በማይኖርበት ጊዜ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነችዋ ሴት በኤሌክትሪክ ቀለበት ቆርጦ የሚያወጣው ሊፕ ወደሚሠራበት ሆስፒታል መሄድ አለባት። ካንሰር የተጠረጠረባት ደግሞ ለባዮፕሲ (ቁራጭ ተወስዶ ለሚደረግ ምርመራ)፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጨረር። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋው የወሰደብንን ሴቶች የምናውቅ እናውቃለን። አሁን ሌሎች ማዕከላትም ተጨምረዋል። ፕሮግራም የሚጀምር ወረዳ ይህችን ሴት የሚቀበላት የትኛው ሆስፒታል፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ካልያዘ ልየታውን አይጀምር።

ሌላም በእቅድ ላይ የማይጻፍ ነገር አለ። ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ወር ያህል ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል፤ ፈሳሽም ይኖራል። ባል ካልተነገረው ይህ ወር ለሚስቱ መከራ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ባሎችን በገበያ ቀን ጠርተን ማነጋገር ስንጀምር፣ ለሕክምናው ሚስቶቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወንዶችን አየን።

ዘመቻ ወይስ መደበኛ አገልግሎት?

ዘመቻ ቁጥር ያበዛል። በማርች 8 ሰሞን በአንድ ሳምንት ውስጥ የዓመቱን ያህል ሴቶች ይመረመራሉ፤ ባነሩ ይወርዳል፣ ቡድኑ ይሄዳል፣ የተገኘባቸው ሴቶች ስም ዝርዝር ግን ማን እጅ እንደቀረ አይታወቅም። ዘመቻን የምደግፈው ሕክምናው በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ግቢ የሚሰጥ ከሆነ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ከቤተሰብ ምጣኔ፣ ከሕፃናት ክትባትና ከኤችአይቪ ክትትል ክፍል ጋር ማያያዝ ይበልጣል፤ ሴቲቱ ለሌላ ጉዳይ ከመጣች ቀኑን ከፍላዋለች።

ዕድሜን በተመለከተ ብዙ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት ይቅደሙ፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ከ25 ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይታዩ። የሃያ ዓመት ወጣት ላይ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ እሷን መመርመር ለሥጋትና ላላስፈላጊ ሕክምና መዳረግ ነው። ክትባቱም የልየታ አማራጭ ተደርጎ አይቅረብ። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች፤ የዛሬዋን የሠላሳ አምስት ዓመት እናት ግን ክትባቱ አይደርስላትም። ልጅቷ ትከተብ፣ እናቲቱ ትመርመር።

በየቦታው የምመርጠው

በአዲስ አበባና በትላልቅ የክልል ከተሞች በራስ ናሙና የሚወሰድ የኤችፒቪ ምርመራ፣ ጥሪውም ውጤቱም በስልክ፣ ሕክምናው በቅርብ ጤና ጣቢያ በቴርማል አብሌሽን። ጂንኤክስፐርት ያለው ሆስፒታል በግማሽ ቀን መንገድ ባለበት ወረዳ ደግሞ ናሙናው በጤና ኬላ ይወሰድ፤ የቲቢ አክታ በሚጓጓዝበት መንገድ ይሂድ፤ ቫይረሱ የተገኘባቸው በአንድ የተወሰነ ቀን፣ በተቻለ መጠን በገበያ ቀን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ተጠርተው በዚያው ጉዞ ታይተው ይታከሙ። ሁለት ጉዞ ይሆናል፤ አንዱ ግን ሰፈሯ ውስጥ ነው።

በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና አርብቶ አደር አካባቢ የቤተሰብ ማህደሩም ሴቲቱም ከግጦሽ ጋር ይንቀሳቀሳሉ። እዚያ ለውጤት ተመለሺ ማለት ራስን ማታለል ነው። ቴርማል አብሌሽን የያዘ፣ ሴት ባለሙያዎች ያሉበት ተንቀሳቃሽ ቡድን በውሃ ነጥቦች ዙሪያ ይሂድ፤ በመኪና ላይ ኤችፒቪ መሥራት ከተቻለ መልካም፣ ካልተቻለ በቪ አይ ኤ አይቶ በዚያው ሰዓት ያክም። በዚህ ቦታ ደካማው ምርመራ ከጠንካራው ይበልጣል፤ ሴቲቱ በእጃችን ያለችው ዛሬ ብቻ ናትና።

ቪ አይ ኤ ላይ ያለ ጤና ጣቢያም ኤችፒቪ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅ። በወር አንድ ቀን የልምድ ባለቤት የሆነች ባለሙያ ትምጣ፤ በስልክ ካሜራ የተነሱ የማህፀን በር ፎቶዎችን፣ ስም ሳይጻፍባቸው፣ አብራ ትመልከት። የተመርማሪዋን ፈቃድ መጠየቅ ግን አይዘንጋ።

የወር ሪፖርት ቅጹን የማዘጋጀት ዕድል ካገኛችሁ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተመረመሩትን ቁጥር አታስቀምጡ። ከተገኘባቸው መካከል ስንቶቹ እንደታከሙ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደታከሙ ይቅደም። አለቆች የሚያነቡት የመጀመሪያውን ረድፍ ነው፤ ሠራተኛውም የሚሮጠው አለቃ ወደሚያነበው ነው።

አሁን በምሠራበት ቦታ በየዓርብ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ከፍተን «የተሰጠ ሕክምና» የሚለውን ሳጥን ከላይ እስከ ታች በጣት እንቆጥራለን። ባለፈው ዓርብ ሦስት ባዶ አገኘን። ለሁለቱ ደውለን ቀን ቆረጥን። ሦስተኛዋ ስልክ የላትም፤ ሰኞ ጠዋት ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቷ ትሄዳለች።